የኢሞላው ሚዛን፦ ቢኤአር ሆንዳ በ2005 ለምን ተቀጣ?

ኤፕሪል 24 ቀን 2005፣ ጣሊያን፣ ኢሞላ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፎርሙላ ዋን መኪና እሽቅድምድም አንዱ ዙር የሆነው የሳን ማሪኖ ግራንድ ፕሪ ተጠናቋል። ፈርናንዶ አሎንሶ በሬኖ አንደኛ ወጥቷል። ሚካኤል ሹማከር በፌራሪ እስከ መጨረሻው መስመር ሲያስጨንቀው ቆይቶ ሁለተኛ ሆኗል። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ያን ውድድር ያየ ሰው ዛሬም የሚያነሳው የእነሱን ፍልሚያ ነው። ስለ ሦስተኛው ያን ቀን ብዙም ያወራ አልነበረም።

ሦስተኛው ጄንሰን በተን ነበር። የቢኤአር ሆንዳ ሹፌር። የቡድን ጓደኛው ታኩማ ሳቶ አምስተኛ ገብቷል። ለቡድኑ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2004 በቡድኖች ደረጃ ከፌራሪ ቀጥሎ ሁለተኛ ነበሩ። በ2005 ግን ሦስት ውድድር ሮጠው አንድም ነጥብ አልያዙም። አሁን በአንድ ቀን 10 ነጥብ አገኙ፤ 6 ከበተን፣ 4 ከሳቶ።

ከዚያ መኪናው ሚዛን ላይ ወጣ።

በዚያ ዘመን የፎርሙላ ዋን መኪና ከነሹፌሩ ከ600 ኪሎ ማነስ የለበትም። የበተን መኪና ሲመዘን 606.1 ኪሎ አለ። እስከዚህ ችግር የለም። ቀጥሎ የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ማለትም የኤፍአይኤ፣ ፈታሾች ነዳጁ እንዲወጣ አዘዙ። መካኒኮቹ በፓምፕ አወጡ። አልቋል ወይ ተብለው ተጠየቁ። አልቋል አሉ።

ፈታሾቹ ግን ታንኩን ከፍተው አዩ። ውስጥ ነዳጅ አለ። እንጥፍጣፊ እንዳይመስላችሁ። ታንኩ ውስጥ ለብቻው በተሠራ ክፍል ውስጥ ብቻ 9 ኪሎ ገደማ ተቀምጧል፤ ታንኩ ግርጌም ጥቂት ቀርቷል። ያ ሁሉ ሲወጣ መኪናው 594.6 ኪሎ ሆነ። ከተፈቀደው 5.4 ኪሎ ያንሳል ማለት ነው።

ለመኪና እሽቅድምድም እንግዳ የሆነ ሰው «5 ኪሎ ምን አላት?» ሊል ይችላል። በፎርሙላ ዋን መሐንዲሶች ዘንድ የቆየ ግምት አለ። 10 ኪሎ ትርፍ ክብደት በአንድ ዙር ከሴኮንድ ሦስት አሥረኛ ገደማ ያስከፍላል። የኢሞላ ውድድር 62 ዙር ነው። አንድ መኪና ሙሉውን ውድድር 5.4 ኪሎ ቀልሎ ቢሮጥ በድምሩ 10 ሴኮንድ ገደማ ያተርፋል። አሎንሶና ሹማከር በስንት እንደተለያዩ ደግሞ አይተናል።

በዚያ ላይ በ2005 በውድድር መሐል ነዳጅ መሙላት ይፈቀድ ነበር። ጥርጣሬው የመጣው ከዚህ ነው። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ቀልሎ ሊሮጥ ይችላል። ለመጨረሻ ጊዜ ነዳጅ ሊቀዳ ሲገባ ከሚያስፈልገው ጥቂት ጨምሮ ይሞላል። ትርፉ ነዳጅ ታንክ ውስጥ ተቀምጦ እስከ ሚዛን ይደርሳል። ጤፍ ከነጆንያው መዝኖ እንደ መሸጥ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ጥያቄው ምን አብሮ ተመዘነ ነው።

ዘዴው አዲስ አልነበረም። በ1982 ብራዚል ላይ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ኔልሰን ፒኬና ኬኬ ሮዝበርግ ውጤታቸው ተሰርዟል። መኪኖቻቸው «ፍሬን ማቀዝቀዣ» የተባለ የውኃ ታንክ ነበራቸው። ውኃው ገና ከመጀመሪያው ይፈስና መኪናው ቀልሎ ይሮጣል። ከውድድሩ በኋላ፣ ከሚዛን በፊት፣ ታንኩ እንደገና ይሞላል። ፈሳሽ መተካት ያኔ የተለመደ ነበርና ደንቡን አልጣስንም አሉ። ቅጣቱ ያስነሳው ቁጣ ቀላል አልነበረም። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ቡድኖች አንድ ውድድር አድመው ቀሩ። የትኛውን? የኢሞላውን። በዚያ ቀን 14 መኪና ብቻ ተሰለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የታይረል ቡድን ውኃ ውስጥ የእርሳስ ጥይት ቀላቅሎ በውድድሩ ማብቂያ ላይ ታንኩ ውስጥ ሲጨምር ተገኘ። የ1984 ውጤቱ በሙሉ ተሰረዘ። ስለዚህ በ2005 ኢሞላ ላይ የቆሙት ፈታሾች ታንክ ከፍቶ ማየትን ከነገር ፍለጋ አልቆጠሩትም። የሥራቸው ታሪክ ያስተማራቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ለቢኤአር መመስከር ያስፈልጋል። ያ የታንክ ውስጥ ክፍል በራሱ ወንጀል አይደለም። መኪና መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲዞር ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓምፑ አየር ከሳበ ሞተሩ ያንቃል። ስለዚህ ሁሉም የፎርሙላ ዋን መኪና ፓምፑ የሚስብበት፣ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ ማጠራቀሚያ አለው። ያከራከረው ማጠራቀሚያው ምን ያህል ይይዛል፣ ለምንስ ሲጠየቅ ባዶ አልተደረገም የሚለው ነው።

ያን ምሽት የውድድሩ ዳኞች ለረጅም ሰዓት ሰሙ። ቡድኑ መረጃ ይዞ ቀረበ። ሞተራችን እንዲሠራ ማጠራቀሚያው ውስጥ ቢያንስ 6 ኪሎ ነዳጅ መኖር አለበት አሉ። እንግዲህ ደምሩት። 594.6 ሲደመር 6፣ 600.6 ይመጣል። ያ 6 ኪሎ ከሌለ መኪናው ስለማይንቀሳቀስ ትራክ ላይ ከ600 ኪሎ በታች የሆነበት ቅጽበት የለም ማለት ነው። ሒሳቡ ቆንጆ ነው። ከልክ በላይ ቆንጆ ነው እንጂ! ዳኞቹ ተቀበሉት። ውጤቱ ጸና። በተን ሦስተኛ እንደሆነ ወደ ቤቱ ሄደ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ኤፍአይኤ በራሱ ውድድር ላይ የተቀመጡት ዳኞች በሰጡት ውሳኔ ላይ ይግባኝ ጠየቀ። እንግዳ ነገር ይመስላል። ግን ዳኞቹ ነጻ ከሆኑ እነሱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ሲሳሳቱ ደግሞ በስልክ ከማዘዝ ይልቅ በአደባባይ ይግባኝ ማለት ይሻላል። በኔ እይታ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ኤፍአይኤ በትክክል የሠራው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ከጀርባው ሌላም ነገር ነበር። በዚያው ዓመት መክፈቻ ሜልቦርን ላይ ቢኤአር ሁለቱንም መኪኖቹን ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ወደ ፒት፣ ማለትም ቡድኖች መኪና ወደሚያዩበት ቦታ፣ አስገብቶ አቁሟቸዋል። አዲሱ ደንብ አንድ ሞተር ለሁለት ውድድር ይዋል ይላል። ውድድር ያልጨረሰ መኪና ግን ለቀጣዩ አዲስ ሞተር ማስገባት ይችላል። ነጥብ የማያገኙ መሆናቸውን ሲያዩ ላለመጨረስ መረጡ። ከደንቡ ቃል አልወጡም። ከደንቡ ሐሳብ ግን በጣም ርቀው ነበር። ኤፍአይኤ ያን ቀዳዳ ወዲያው ደፈነው። ኢሞላ ሲደርሱ እንግዲህ ፈታሾቹ ይህን ቡድን በምን ዓይን እንደሚያዩት መገመት አይከብድም።

ሜይ 4 ቀን ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሰየመ። የኤፍአይኤ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። ቡድኑ ከ2005 ሻምፒዮና ሙሉ በሙሉ እንዲባረርና ቢያንስ 1 ሚሊዮን ዩሮ እንዲቀጣ ነው የጠየቀው።

ክርክሩን ሳጠብበው ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። ቢኤአር ደንቡን አንብቡልኝ አለ። ደንቡ መኪናው ከነሹፌሩ ከተወሰነው ክብደት አይነስ ይላል፤ ነዳጅ ወጥቶ ይመዘን የሚል ቃል የለበትም። ኤፍአይኤ ደግሞ ሁለት አንቀጽ መዘዘ። አንደኛው፣ ለክብደት ማሟያ የሚጨመር ነገር ያለ መፍቻ እንዳይነሳ ተደርጎ መታሰር አለበት ይላል። ነዳጅ በመፍቻ አይታሰርም። እየተቃጠለ ያልቃል። ስለዚህ ነዳጅ የክብደት ማሟያ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው አንቀጽ መኪናው ሁልጊዜ ደንቡን እንደሚያሟላ ፈታሾቹንና ዳኞቹን የማሳመን ግዴታ የተወዳዳሪው ነው ይላል።

ይህ ሁለተኛው አንቀጽ ጉዳዩን ገልብጦታል። በተለመደ ፍርድ ቤት ከሳሽ ያስረዳል። እዚህ ግን መኪናው በማንኛውም ቅጽበት ከ600 ኪሎ በታች እንዳልነበረ ማሳየት የቢኤአር ሥራ ሆነ። ማሳያው ምን ነበር? የራሱ የቡድኑ የነዳጅ ሒሳብ። ሌላ ሰው መዝኖ ያየው ነገር የለም። ከውጭ የቆመ ሰው ደግሞ ትራክ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ታንክ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ መመዘን አይችልም። ለዚህ ነው ውድድሩ ሲያልቅ መኪናው ነዳጁ ወጥቶ የሚመዘነው። ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም።

ሜይ 5 ፍርዱ ወጣ። ፍርድ ቤቱ ቡድኑ ሆን ብሎ አጭበርብሯል ለማለት ማስረጃው አይበቃም አለ። አያይዞ ግን አድራጎቱ እጅግ የሚያሳዝን ቸልተኝነትና የግልጽነት ጉድለት መሆኑን አስቀመጠ። ሁለቱም መኪኖች ከኢሞላ ውጤት ተሰረዙ። ቡድኑ ከቀጣዮቹ ሁለት ውድድሮች፣ ከስፔንና ከሞናኮ፣ ታገደ። ከዚያ በላይ የስድስት ወር እገዳ በገደብ ተንጠለጠለበት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ጥፋት ከተገኘ የሚፈጸም ነው። በማግስቱ ባርሴሎና ላይ ልምምድ ይጀመር ነበር። ቡድኑ ከመደበኛ ፍርድ ቤት እገዳ የሚያነሳ ትእዛዝ ለመጠየቅ አስቦ ተወው።

ብዙ ሰው ያኔ በዚህ ፍርድ ተበሳጨ። «አላጭበረበረም ካላችሁ ለምን ታባርሩታላችሁ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ክብደቱ ስላነሰ ከኢሞላ ውጤት መሰረዝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ማንም አይከራከርበትም። የሁለት ውድድር እገዳው ግን ከየት መጣ? እኔ ፍርዱን የማነበው እንዲህ ነው። የተቀጣው 5.4 ኪሎው አይደለም። የተቀጣው «አልቋል» የሚለው መልስ ነው። ፈታሽ ሲጠይቅ ታንኩ ውስጥ 11 ኪሎ የሚበልጥ ነዳጅ እያለ ባዶ ነው ማለት ቢያንስ ግዴለሽነት ነው። ቢኤአር ገና ከመነሻው «እዚህ ጋ ማጠራቀሚያ አለ፣ ይህን ያህል ይይዛል፣ ለሞተሩ ያስፈልገናል» ብሎ ቢናገር ኖሮ ክርክሩ ስለ ደንብ አተረጓጎም በሆነ ነበር። ውጤቱን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ሞናኮን ግን አያጡም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ ጋር የኤፍአይኤም ጥፋት አለ። ነዳጅ ወጥቶ የመመዘኑ ነገር በልማድ የታወቀ ነበር። ሁሉም ቡድን ያውቀዋል። ግን በልማድ የታወቀ ነገርና ደንብ ላይ በግልጽ የሰፈረ ነገር አንድ አይደለም። ቢኤአር የገባበት ቀዳዳ በባለደንቡ እጅ የተተወ ነው። ነዳጁን ማን ያወጣል? በየትኛው ቀዳዳ? መቼ «ባዶ» ይባላል? ይህ ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ ቢሆን መካኒኩ የሚመልሰው «አዎ» ወይም «አይ» ይህን ያህል ክብደት ባልያዘ ነበር።

የተቀረው በአጭሩ ይኸው ነው። አሌክሳንደር ቩርትስ በማክላረን ሦስተኛ ተባለ፤ መድረክ ላይ ግን ሳይቆም። ዣክ ቪልኔቭ በሳውበር አራተኛ ሆነ። ቪልኔቭ ደግሞ እስከ 2003 ድረስ የቢኤአር ሹፌር የነበረ ሰው ነው፤ ዕጣ ፈንታ እንዲህ ትቀልዳለች። ቢኤአር በሜይ መጨረሻ ኑርቡርግሪንግ ላይ ተመለሰ። በጁን ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚሽለን ጎማ የገጠሙ ቡድኖች ሁሉ ከውድድር ሲወጡ አብሮ ወጣ። የዓመቱን የመጀመሪያ ነጥብ ያገኘው በጁላይ፣ ፈረንሳይ ማኒ ኩር ላይ፣ በተን አራተኛ ሲወጣ ነው። የዓመቱ ግማሽ አልፏል። በዓመቱ መጨረሻ ሆንዳ ቡድኑን ጠቅልሎ ገዛው።

አሁን ወደ ካርት፣ ልጆች እሽቅድምድም ወደሚጀምሩባት ትንሽ መኪና፣ ልምጣ። ይህን ጉዳይ ያነሳሁት በአብዛኛው ለካርት ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። በተን ራሱ ከካርት የመጣ ነው። በ1991 በእንግሊዝ የልጆች የካርት ሻምፒዮና 34 ውድድር ሮጦ 34ቱንም አሸንፏል። ሚዛን ላይ መውጣትን ገና በልጅነቱ ነው የለመደው።

የካርት ሚዛን ከፎርሙላ ዋን ይለያል። ካርቱ መስመሩን አልፎ በቀጥታ ሚዛን ላይ ይወጣል። ልጁ፣ ካርቱ፣ የራስ ቁሩ፣ የቀረው ነዳጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ነዳጅ ይቆጠራል ማለት ነው። የቢኤአር ክርክር ካርት ላይ ቢሆን ክርክርም አይሆንም ነበር። ይህ አሠራር ሸካራ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከመስመሩ እስከ ሚዛኑ ማንም ካርቱን አይነካም፣ ማንም ምንም አይጨምርም፣ አባትየውም ተፎካካሪውም ቁጥሩን በዓይናቸው ያያሉ። የጎደለ ኪሎ ካለ የሚሟላው በእርሳስ ነው። እርሳሱ ወንበሩ ወይም ሻሲው (የካርቱ አጽም) ላይ በቡሎን ይታሰራል። የዓለም አቀፉ የካርት ደንብ ቢያንስ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይላል። በቴፕ የታሰረ እርሳስ ትራክ ላይ ከወደቀ ከኋላ ለሚመጣው ልጅ ጥይት ነው።

ካርት ላይ ከክብደት ይልቅ የሚያጨቃጭቀው ነዳጁ ራሱ ነው። ሞተሮቹ ትንንሽ ናቸው። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ጥቂት ኬሚካል ልዩነት ያመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጭሱ ለካንሰር የሚያሰጋ ነው፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ስለዚህ አዘጋጆች አንድ ማደያ፣ አንድ ዓይነት ቤንዚን፣ አንድ ዓይነት ዘይት ብለው ይወስናሉ። ከዚያ ከታንክ ናሙና ወስደው ዲጋትሮን በሚባል መለኪያ ያዩታል። መለኪያው የነዳጁን የኤሌክትሪክ ባሕርይ አንብቦ ከማደያው ናሙና ጋር ያወዳድራል። የተቀላቀለው ነገር ምን እንደሆነ ስሙን አይነግርህም። ከማደያው ነዳጅ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ግን ያሳያል። አንድ የክለብ ዳኛ የሚያስፈልገው ይሄው ነው። ሆን ብሎ ነው አይደለም የሚለውን መመርመር አይጠበቅበትም።

ከዚህ ገፋ ያደረጉም አሉ። ሮታክስ ማክስ ግራንድ ፋይናል በሚባለው የካርት ውድድር ተወዳዳሪው ሞተሩንና ሻሲውን ከቤቱ አያመጣም። አዘጋጁ ያቀርባል፣ በዕጣ ይደርሰዋል። ብሪግስ 206 በሚባለው የካርት ምድብ ደግሞ ሞተሩ ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል። ማሸጊያው ከተነካ ያስታውቃል። ሁለቱም ውድ ወይም አሰልቺ ሊመስሉ ይችላሉ። ግን ሁለቱም ክርክሩን ከውድድሩ ማግስት ወደ ዋዜማው ያመጡታል።

ፎርሙላ ዋንም ዘግይቶ ወደዚያው ሄዷል። ዛሬ ደንቡ ክብደቱ ያለ ነዳጅ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ቡድኖች የመኪናቸው ነዳጅ በምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሚወጣ አስቀድመው በሰነድ ያስገባሉ። ጁላይ 28 ቀን 2024 ቤልጅየም፣ ስፓ ላይ ጆርጅ ራስል በመርሰዲስ አንደኛ ወጣ። ነዳጁ ወጥቶ ሲመዘን መኪናው 796.5 ኪሎ ሆነ። ዝቅተኛው 798 ነበር። በሌላ ሚዛንም ተመዘነ። የሚዛኖቹ ትክክለኛነት ቡድኑ ባለበት ተረጋገጠ። መርሰዲስ በእኛ በኩል የተፈጠረ ስህተት ነው፣ የምናቀርበው ማቃለያ የለም አለ። ድሉ በዚያው ምሽት ተሰርዞ ለሌዊስ ሃሚልተን ተሰጠ። ፓሪስ የሄደ የለም። የሁለት ውድድር እገዳም የለም።

ይህ መርሰዲስ ደግሞ ሌላ ቡድን አይደለም። ቢኤአር ሆንዳ ሆነ፣ ሆንዳ በ2009 ብራውን ሆነ፣ ብራውን በማግስቱ ዓመት መርሰዲስ ሆነ። ቦታው ያው ብራክሊ፣ እንግሊዝ ነው።